ባለጥጧ ጎሚስታ

የሚቃጠል ጎማ ሽታ ብዙ ሰው ያቅለሸልሻል፤ እኔን ግን ያስርበኛል። ባለፈው ጥር ከሐዋሳ ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ ጎማችን ተንፍሶ መንገድ ዳር ካለ አንድ ጎሚስታ ቤት ቆመን ሳለ፣ ወጣቱ ጎሚስታ የአንድ የጭነት መኪና ካላማዳሪያ፣ የውስጡ ጎማ ላይ የጋለ ብረት ሲጭንበትና ያ ጥቁር ጭስ ብቅ ሲል፣ ሆዴ ልክ እንደ ልጅነቴ ጮኸ። ልጅ ሳለሁ ያ ሽታ የምሳ ሰዓት ደወላችን ነበር፤ እማዬ የረፋዱን የመጨረሻ ካላማዳሪያ ለጥፋ፣ ብረቱን አንስታ፣ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሳህን ፍለጋ እንሮጥ ነበር።

ቤታችን በአርባ ምንጭ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ነበር። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ የሙዝ ጭነት መኪኖች ከአባያ ሐይቅ ዳር እርሻዎች እየሞሉ ወደ አዲስ አበባ መመላለስ ያበዙበት ጊዜ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር። ከጓሮ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ ከጋሞ ደጋ፣ ከኦቾሎ የወረደው ሸማኔ አባቴ መስቀሌ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ እያሳለፈ ነጠላና ጋቢ ይሠራል። ከፊት፣ በመንገዱ በኩል፣ በቆርቆሮ በተመታች ጠባብ ቤት ውስጥ እናቴ አማረች ጎማ ትጠግናለች። ጓሮው ነጭ፣ ደጁ ጥቁር ነበር። በመካከላቸው የውሃ ገንዳና ሳሙና ተቀምጦ፣ ከጥቁሩ ወደ ነጩ ሳይታጠብ የሚያልፍ ሰው አልነበረም፤ ወንድሜ አንድ ቀን የጎማ ማጣበቂያ ማስቲሽ በነካ እጁ ድር ነክቶ አባዬ የተቆጣውን ቁጣ እስከ ዛሬ ያነሳዋል።

በጋሞ አገር ወንድ ይሸምናል፣ ሴት ትፈትላለች። ይህን ማንም ተቀምጦ አልደነገገውም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሸማኔ ሚስት የሆነች ሴት እንዝርቷ ካልተሽከረከረ የባሏ መወርወሪያ የሚበላው ማግ አያገኝም። እማዬም እኔ ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ እንደዚያው ነበረች። ቀን ቀን ትፈትላለች፣ ከሰዓት በኋላ ስኳር ድንች ቀቅላና ሙዝ ደርድራ ከመንገዱ ዳር ከጋሽ ደምሴ ጎሚስታ ደጃፍ ተቀምጣ ለሾፌሮች ትሸጣለች። ጋሽ ደምሴ ወገባቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ነበሩ። መጀመሪያ «ልጄ፣ ያን ብረት አቀብይኝ» አሏት፤ ቆይተው «ያዢልኝ» አሏት፤ በመጨረሻ መዶሻውን ሰጥተዋት «በይ ምቺው» አሏት። ዓመት ሳይሞላ ስኳር ድንቹን ትታ ጎማውን ያዘች። ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዘንድ ወደ ሶዶ ሲሄዱ ዕቃቸውን ለእሷ ለቀቁላት። «የሚገዛኝ ወንድ አጥቼ አይደለም፤ ካንቺ በቀር ብረቱን ጠርጎ የሚያስቀምጥ ስላላየሁ ነው» አሏት። እማዬ ይህችን ንግግር ለመጣ ለሄደው ሁሉ ስትደግማት እንሰማ ነበር፤ ሙገሳ እንደምትወድ ልደብቅላት አልችልም።

ሱቋን የከፈተችበት በጋ ግን ክፉ ነበር። ሲቀላ በበጋ እንደ ምጣድ ነው፤ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ራሱ ሞቆ ይደርሳል። እማዬ በአሮጌ ቸርኬ ላይ ተቀምጣ መኪና ትጠብቃለች። መኪናው ይመጣል፣ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት ያወጣል።

«ባለቤቱ የታለ?»

«እኔ ነኝ።»

«ባለቤትሽን ማለቴ ነው።»

«ባለቤቴማ ጓሮ ሸማ እየሠራ ነው፤ ጎማ አያውቅም።»

ሾፌሩ ስቆ ወይም ራሱን ነቅንቆ ወደ ላይኛው ከተማ፣ ወደ ሴቻ አቀበት መጀመሪያ፣ ወደ ሌላው ጎሚስታ ይነዳል። እማዬ አቧራውን እያየች «ይመለሳሉ» ትለን ነበር፤ ድምጿ ግን እንዳላመነችው ልጅ ብሆንም ይገባኝ ነበር። ባዶ እጇን ወደ ቤት የገባችበት ቀን ብዙ ነው።

የካቲት ላይ ይመስለኛል፣ ሙዝ እስከ አፉ የጫነ መኪና ደጃችን ቆመ። ሾፌሩ ግዙፍ፣ ፊቱ ላብ በላብ የሆነ ሰው ነበር። አንደኛው የኋላ ጎማው ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ተለጥፎለት ሁለቱንም ጊዜ ተንፍሶበታል፤ የላይኛው ጎሚስታ ሠርግ ሄዶ ቤቱን ዘግቷል፤ ሙዙ ደግሞ ጥሬውን አዲስ አበባ ካልገባ መንገድ ላይ ይበስላል። እኛ ዘንድ የመጣው ምርጫ አጥቶ ነው፣ ይህንንም አልደበቀም። እጁን አጣምሮ ከበላይዋ ቆመ። እማዬ ጎማውን አውልቃ፣ ካላማዳሪያውን አውጥታ፣ የተቀደደውን ለጠፈች። ከዚያ መልሳ መክተት ሲገባት ቆም አለችና ጠራችኝ።

«ሂጂ ከአባትሽ ዘንድ ባዘቶ አምጪልኝ። እጅሽን ታጥበሽ።»

ለመፈተል የተዘጋጀውን ለስላሳ ጥጥ ከአባዬ ቅርጫት ጨብጬ መጣሁ። እሷም በጥጡ የጎማውን ውስጥ፣ የሕፃን ፊት እንደምትጠርግ ሁሉ፣ ቀስ እያለች ትዳስሰው ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ጥጡ ያዝ አደረገ። ጎንበስ ብላ በጉጠት ጎተተችና የግራር እሾህ ስባሪ አወጣች፤ በዓይን የማይታይ፣ በእጅ ሲዳሰስ የማይገኝ፣ ጭነት ሲከብደው ብቻ ብቅ ብሎ የሚወጋ። «የተለጠፈልህ ካላማዳሪያው ነው፤ እሾኹ ግን ሁሌም እዚህ ነበር» አለችው። ሾፌሩ እሾኹን መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ አየው፤ ከዚያ ከነጥጡ ተቀብሏት ከመሪው በላይ መስታወቱ ሥር አስቀመጠውና ሄደ። ያ ሰው ወሬውን በየሻይ ቤቱ ነዝቶት ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ እማዬን በስሟ የሚጠራት ሾፌር አልነበረም። ለሁሉም «ባለጥጧ» ሆነች።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር የኮንሶና የጨንቻ መንገድ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ጎማ የሚቀደደው በዝቶ፣ ደጃችን መኪና ይሰለፍ ጀመር። እማዬ በአሮጌ ሱሪ ላይ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ፀጉሯን በሻሽ አሥራ፣ ከጠዋት እስከ ማታ መዶሻ ስትመታ እንውል ነበር። ቤታችን ጠገበ፤ እኔም የመጀመሪያዬን ጫማ ያደረግሁት በዚያ በልግ ነው። ነገር ግን እጇ ጠቆረ። በነጭ ጋዝ ታጥባዋለች፣ በአመድ ትፈትገዋለች፣ በሎሚና በአሸዋ ታሸዋለች፤ በጣቶቿ መስመር ውስጥ የገባው ጥቁር ግን አልወጣ አለ። ፈትላ የምትሰጠው ማግ ግራጫ እየሆነ መጣ። አንድ ቀን የቢሮ ሠራተኛ የሆነች ደንበኛችን አዲስ ነጠላዋን ይዛ ተመለሰች፤ ከወገቡ ላይ እንደ ጭስ ያለ መስመር ይታይ ነበር። አባዬ ነጠላውን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ አየው፣ ከገበያ ክር ገዝቶ ሌላ ሠራላት። እማዬም በዚያው ቀን እንዝርቷን ከጣሪያው ወጋግራ መካከል ሰካችው። 

ክረምቱ ከገባ በኋላ የአባዬ ታላቅ ወንድም ጋሽ ቶርባ ከኦቾሎ ወረደ። ጋሽ ቶርባ ደግ ሰው ነበር፤ ሲመጣ ለእኛ ሸንኮራ ሳይዝልን አይመጣም። ነገር ግን የቤተሰቡን ስም በትከሻው የተሸከመ የሚመስለው፣ ሲቆጣ ጋሞኛውን ትቶ አማርኛ የሚናገር ሰው ነበር፤ በእሱ አማርኛ ደግሞ ሴት ሁሉ ወንድ ናት። ግቢያችን ሲደርስ ያየው የመጀመሪያ ነገር ከጭነት መኪና ሥር የወጡ የእማዬን ሁለት እግሮች ነው። በአጠገቧ አልፎ ጓሮ ገባና ከአባዬ ጉድጓድ አፋፍ ተቀመጠ።

«መስቀሌ፣ ሚስትህ ጥጥ ይፈትላል ወይስ ጎማ ይፈትላል?»

«ሁለቱንም ለመሥራት ሞክራለች፣ ጋሼ። አልሆነም።»

«ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ? መስቀሌ ክር ከገበያ ይገዛል፤ ሚስቱ ከሾፌር ጋር መሬት ላይ ይተኛል ይላል።»

«ከመኪና ሥር ነው የምትተኛው። አሁን አይተሃል።»

«እኔ አይቻለሁ። ኦቾሎ አላየም።»

ከዚያ የመጣበትን ጉዳይ ተናገረ። በአባዬ ቤተሰብ የቆየ ልማድ ነበር፤ በየዓመቱ ለመስቀል አባዬ የሠራው፣ ማጉን እማዬ የፈተለችው ጋቢ ለአያታችን ይወጣል፤ አያታችንም በበዓሉ ቀን በሰው ፊት ይለብሰዋል። «ዘንድሮም ጋቢው ይመጣል» አለ ጋሽ ቶርባ። «ማጉ ከቤትህ እንዝርት ይሁን። ለዚያ እጅ ከሌለው ጎማውን ይዝጋ። እሱም እምቢ ካለ፣ ለመስቀል አትምጡ።»

ለሌላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ጋሞ ግን አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳም ይሁን የትም ይኑር፣ ለመስቀል ወደ ትውልድ ቀዬው ይወጣል፤ «አትምጡ» የተባለ ሰው ሞት ቢደርስበት ማን እንደሚቀብረው አያውቅም። እማዬ ጋዝ የሸተተ እጇን በጨርቅ እየጠረገች በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታ ነበር። በማግሥቱ የቆርቆሮውን በር ዘጋችው።

እማዬ እንዝርቷን አውርዳ፣ ጓሮ ተቀምጣ፣ በየጊዜው እጇን እየታጠበች ትፈትላለች። በመንገዱ በኩል መኪና ይቆምና ጥሩንባ ይነፋል፤ «ባለጥጧ የለችም እንዴ?» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ እሷ አንገቷን ደፍታ ክሩን ትስባለች። ሳምንት ያህል እንዲህ ሆኖ፣ የሞላውን ልቃቂት ለአባዬ ስትሰጠው እሱ ከነጩ ባዘቶ አጠገብ አስቀመጠው። ግራጫ ነበር። እማዬ ያን ጊዜ አለቀሰች። እናቴን ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር።

«ከገበያ እንግዛና ይብቃ» አለችው።

«የማላውቀው ሰው የፈተለውን አባቴን አላለብሰውም።»

«እሺ ምን ይሁን ታዲያ፣ መስቀሌ?»

አባዬ ከጉድጓዱ ወጣ። ከጭኗ ላይ እንዝርቱን አንስቶ እንደ እንግዳ ዕቃ እያገላበጠ አየው። «ሂጂ ክፈቺ» አላት። «መኪና እየጠበቀሽ ነው።»

እንዲህ ነው አባቴ ፈታይ የሆነው። በእኛ አገር ወንድ ሲፈትል ቢታይ መሳቂያ ነው፤ ወሬው በሸማኔው ሁሉ ዘንድ እስከ ጨንቻ ይደርስ ነበር። ስለዚህ በቀትር፣ ሰፈሩ ምሳውን በልቶ ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ በሩን ዘግቶ ይፈትላል፤ እኔና ወንድሜ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ሰው ሲመጣ ምልክት እንዲሆነው እንስላለን። ስንስል እንዝርቱን ከአልጋው ሥር ወርውሮ መወርወሪያ የሚጠግን ይመስላል። ወንድሜ ለጨዋታ ሲል ሰው ሳይመጣም ይስል ነበር።

አባዬ ሲፈትል ማየት ያሳዝናልም ያስቃልም። በመወርወሪያ ላይ እንደዚያ ቀልጣፋ የነበረው እጅ እንዝርት ሲይዝ የሌላ ሰው ይሆናል፤ ክሩ አንድ ቦታ እንደ ገመድ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይሳሳና ይበጠሳል። እማዬ በመካከሉ ከሱቋ ብቅ ትልና፣ ጥቁሩ እንዳይነካበት ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ከበላዩ ትቆማለች። በአፏ ብቻ ታስተምረዋለች።

«አውራ ጣትህን ላላ አድርገው። አትጎትተው፣ ራሱ እስኪመጣልህ ጠብቀው።»

«አልመጣም እኮ።»

«ይመጣል። እኔስ ጎማው መጀመሪያ ላይ መቼ መጣልኝ?»

ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ሆነ። ውጭ ዝናብ ይዘንባል፣ ከፊት የእማዬ መዶሻ ይሰማል፣ ከተዘጋው በር ጀርባ የአባዬ እንዝርት ይሽከረከራል። በልጅነቴ ቤታችን ከሁሉ የበለጠ ደስ ያለኝ በዚያ ክረምት ነው።

ለመስቀል ጋቢው ደረሰ። በመኪና ከተራራው ሥር እስካለችው ላንቴ ሄደን፣ ከዚያ በእግራችን ሽቅብ ወጣን፤ አባያ ከበታቻችን በቀይ ውሃው ተዘርግቶ፣ እማዬ ጋቢውን በንጹሕ አንሶላ ጠቅልላ በጀርባዋ አዝላው ነበር። አያታችን ቤት ሰው ሞልቷል፤ ሥጋው ተቆራርጧል፣ ቦርዴው በቅል ይዞራል፣ ሴቶቹ ጭንቅላታቸው ላይ ቅቤ አድርገዋል። እማዬ እጇን በነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ከጥግ ተቀመጠች። አባዬ ጋቢውን አቀረበ። ጋሽ ቶርባ ተቀብሎ ዘረጋው። ነጭ ነበር። ፊቱ ፈካ።

«እዩት» አለ ለተሰበሰበው ሰው። «አማረች ወደ እንዝርቷ ተመልሳለች። እኔ ተናግሬ ነበር። የጎማው ነገር አበቃ።»

ሰዉ እልል አለ። እማዬ ቀና ብላ አባዬን አየችው፣ እሱም አያት። ዝም ቢል ኖሮ ሁሉም ነገር በዚያው ያልቅ ነበር፤ በዓሉም ያምራል፣ ስሙም ይድናል፣ እማዬ ግን ከዚያ ወዲያ የቆርቆሮውን በር መክፈት አትችልም። አባዬ በሰው ፊት ብዙ የማይናገር፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው። ያን ዕለት ግን ብድግ አለ።

«ማጉን የፈተልኩት እኔ ነኝ» አለ።

እልልታው ቆመ። ከወንዶቹ መካከል አንዱ ሳቅ ጀምሮ ብቻውን ሲሆን ተወው። ጋሽ ቶርባ ጋቢውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ አያታችን፣ ዕድሜውን ሁሉ ሸማኔ የነበረው፣ ዓይኑ የደከመው ሽማግሌ፣ እጁን ዘረጋ። ጋቢውን ጭኑ ላይ አድርጎ በጣቶቹ ይዳስሰው ጀመር፤ ክሩ በወፈረበት ቦታ ሁሉ ጣቱ እየቆመ፣ እንደገና እየሄደ። ቀና ሳይል ጠየቀ።

«ሚስትህስ?»

«ጎማ ትሠራለች፣ አባ። ሱቋ ክፍት ነው።»

አያታችን ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ወደ ደረቱ ሰበሰበውና ተደላድሎ ተቀመጠ።

«ለከርሞ ቀጠን አድርገህ ፍተል» አለ፣ ከዚያም ሥጋ እንዲያመጡለት ጠየቀ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ጋሽ ቶርባ ራሱ ለእማዬ ሥጋ ቆርጦ ሰጣት፤ እሷም ያን ጊዜ ጥቁር እጇን ከነጠላዋ አውጥታ ተቀበለችው።

አባዬ ለከርሞም ፈተለ፣ ከዚያ ወዲያም በየዓመቱ፤ በሩንም መዝጋት ተወ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክሩ ከእማዬ የበለጠ ቀጥኖ፣ እሷ ቅናት ቢጤ ይሰማት ነበር። አያታችን ካረፈ በኋላ ጋቢዎቹ ወደ እኛ ሲመለሱ ወንድሜ ቀጭኖቹን ወሰደ፣ እኔ ያን የመጀመሪያውን ወፍራሙን መረጥኩ። አባዬ ዛሬ የለም። እማዬ ሱቋን ለሌላ ሰው አስረክባ ሲቀላ በዚያው ቤት ተቀምጣለች፤ በሴቶች ቀን በተጠራችበት አንድ ስብሰባ ላይ ወጣቶች «ማን ደገፈዎት?» ብለው ሲጠይቋት «አንድ መፈተል የማይችል ሰው» ብላ መለሰች፣ እነሱም ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ያን የጥር ቀን መንገድ ዳር ወጣቱ ጎሚስታ በባዶ እጁ የጎማችንን ውስጥ ሲዳስስ «ጥጥ የለህም?» አልኩት። ምን እንደምል አልገባውም። እኔም መኪናው ውስጥ ገብቼ ያን ወፍራሙን ጋቢዬን ለበስኩ። በልጅነቴ ከተማው ሁሉ ስለ እናቴ ጥቁር እጅ ያወራ ነበር፤ ዛሬ መኪና የምትጠግን ሴት በየከተማው ስለምትገኝ ዞር ብሎ የሚያያት የለም፣ ይህም ደስ ይለኛል። እኔ ራሴ የራሴን ቢሮ ከፍቼ እሠራለሁ፣ እጄም ንጹሕ ነው። ማታ ማታ ግን ደክሞኝ ስገባ ያን ጋቢ እደርብና፣ ክሩ የወፈረበትን ቦታ በጣቴ እፈልጋለሁ፤ ሁሌም አገኘዋለሁ።